አሥራ አንድ ዓመት የዘገየ እርማት፦ በሊኑክስ ከርነል የማህደረ ትውስታ አስተዳደር ውስጥ ስለነበረ አንድ ስህተት

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ።



ዛሬ ማታ የምነግራችሁ ስለ አንድ የከርነል ስህተትና ስለ እርማቱ ነው። እርማቱ ሁለት ፋይሎችን ብቻ የነካ፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈ፣ ከሃያ መስመር የማያልፍ ለውጥ ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር የአንድ ምሽት ንግግር ይወጣዋል ወይ ብሎ የሚጠራጠር ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔ ራሴ ለዓመታት በክፍል ውስጥ በአንድ ስላይድ ሳልፈው ኖሬአለሁና። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት።

የስርዓተ ክወና ትምህርት በምሰጥበት ክፍል ኮፒ ኦን ራይት ስለሚባለው፣ በእኛ ቋንቋ ሲጻፍ መቅዳት ልንለው ስለምንችለው ዘዴ አስረድቼ፣ እንደ ልማዴ በ2009 ዓ.ም. አንድ የታወቀ ስህተት እንደተገኘበትና እንደታረመ ጠቅሼ አለፍሁ። ተማሪዋ እጇን አነሣች። “መምህር፣ ከእርማቱ ጋር የተጻፈውን ማስታወሻ አንብቤው ነበር። ያረመው ሰው ይህንኑ ስህተት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊትም አርሞት እንደነበር ይናገራል። ታዲያ መልሶ ያበላሸው ማን ነው?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይዤ እመጣለሁ ብዬ አለፍሁት፤ ይዤ የመጣሁት ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የዛሬው ንግግሬ ያ መልስ ነው።

ለሙያው አዲስ የሆናችሁ እንድትከተሉኝ ጥቂት ነገር ላስቀድም። እያንዳንዱ ፕሮግራም ማህደረ ትውስታው በሙሉ የእርሱ ብቻ እንደሆነ አድርጎ ይኖራል። ይህን እምነት የሚጠብቅለት ከርነሉ ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው አድራሻ ምናባዊ ነው፤ እውነተኛው ማህደረ ትውስታ ግን በገጾች የተከፋፈለ ሲሆን፣ አንዱ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ 4,096 ባይት ይይዛል። የትኛው ምናባዊ ገጽ በየትኛው እውነተኛ ገጽ ላይ እንደተቀመጠ የሚመዘገበው በገጽ ሰንጠረዥ ነው። በሰንጠረዡ እያንዳንዱ ረድፍ ላይ ከአድራሻው ጎን ጥቂት ቢቶች አሉ፦ ገጹ አለ ወይስ የለም፣ መጻፍ ተፈቅዷል ወይስ ንባብ ብቻ፣ እስካሁን ተጽፎበታል ወይስ አልተጻፈበትም። ይህን የመጨረሻውን ቢት ባለሙያዎቹ ዴርቲ ይሉታል፤ እኔ ዛሬ የእድፍ ቢት እለዋለሁ። እባካችሁ ይህን ቢት አትርሱብኝ፤ እስከ ንግግሬ መጨረሻ አብሮን ይጓዛል።

ከርነል ብዙ ቃል ይገባል፤ ቃሉን የሚፈጽመው ግን የግድ ሲሆንበት ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ብዙ ማህደረ ትውስታ ሲጠይቀው እሺ ይለዋል፤ ገጹን የሚሰጠው ግን ፕሮግራሙ ሲነካው ነው። “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” የሚለውን ተረት ለምናባዊ ማህደረ ትውስታ የተነገረ ቢመስለኝ አትፍረዱብኝ። ከእነዚህ የዘገዩ ቃል ኪዳኖች ሁሉ ብልሁ ሲጻፍ መቅዳት ነው።

አንድ የጥንት ገዳም ዕቃ ቤት በዓይነ ልቡናችሁ ተመልከቱ። የብራናው መጽሐፍ አንድ ነው፤ አንባቢዎቹ ብዙ ናቸው። ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉን ገልብጦ መስጠት ብራናም ጉልበትም ይጨርሳል። ስለዚህ ዕቃ ጠባቂው ሁሉንም ከአንዱ መጽሐፍ ያስነብባቸዋል። አንዱ ብዕሩን አንሥቶ በኅዳጉ ላይ ሊጽፍ ሲል ግን እጁን ይይዘውና፣ ያንን ቅጠል ብቻ ገልብጦ ቅጂውን ይሰጠዋል። ሰውየው በቅጂው ላይ የወደደውን ይጽፋል፤ ዋናው እንደነበረ ይኖራል። ሊኑክስም አንድ ፕሮግራም አንድን ፋይል በግል ወደ ማህደረ ትውስታው ሲያስገባ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የፋይሉ ገጾች ለሁሉም የጋራ ናቸው፤ ሊጽፍ የሞከረ የራሱ ቅጂ ይደርሰዋል፤ ዋናው ፋይል አይነካም። ዕቃ ጠባቂውን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን አንድ የጎን በር ልጨምር። ዲበገር የምንላቸው የስህተት ማደኛ ፕሮግራሞች ንባብ ብቻ በተፈቀደበት የማሽን ኮድ መካከል የማቆሚያ ምልክት መትከል ግዴታቸው ነው። ይህ እንዲቻል ከርነሉ የንባብ ብቻ ክልከላውን አልፎ የሚጽፍበት መንገድ አለው። መንገዱ ሁለት በር አለው፤ አንደኛው ፒትሬስ የሚባለው የስርዓት ጥሪ ሲሆን፣ ሁለተኛው ፕሮክ ሰልፍ ሜም የሚባለው ልዩ ፋይል ነው። ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ በራሱ ፕሮሰስ ላይ ሊጠቀምባቸው ይችላል። አደጋ የለውም ይባል ነበር፤ ምክንያቱም የሚጻፈው ሁልጊዜ በግል ቅጂ ላይ ነው፣ ዋናው አይነካም። የሚባለው ሁሉ ትክክል የሚሆነው ግን “ሁልጊዜ” የሚለው ቃል እውነት እስከሆነ ድረስ ነው።

በዚህ መንገድ ሲጻፍ በከርነሉ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ጌት ዩዘር ፔጅስ የሚባለው ተግባር ነው። ሥራው በዙር የሚሄድ ነው፦ ገጹን ፈልግ፤ ካላገኘህ እንዲዘጋጅ አድርግና እንደገና ፈልግ። በመጀመሪያው ዙር ገጹ በሰንጠረዡ የለም። ተግባሩ በእጁ “ለመጻፍ” የሚል ምልክት ይዞ ገጽ አዘጋጂውን ክፍል ይጠራል፤ ክፍሉም ዋናውን ገጽ ገልብጦ ቅጂውን ያስቀምጣል። ክልሉ ንባብ ብቻ የተፈቀደበት ስለሆነ ግን በቅጂው ረድፍ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ቢቱን አያበራም። በሁለተኛው ዙር ተግባሩ ቅጂውን ያገኘዋል፤ የመጻፍ ፈቃድ ስለሌለው ግን እንደገና አዘጋጂውን ይጠራል። አዘጋጂው ያይና “ቅጂው የራስህ ነው፤ መቅዳቱ ተፈጽሟል” ብሎ ይመልሳል። እዚህ ላይ ተግባሩ አጣብቂኝ ውስጥ ይገባል። የመጻፍ ፈቃድ ቢቱ ከቶውንም አይበራም፤ “ለመጻፍ” እያለ ከጠየቀ ዑደቱ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ በእጁ ካለው ጥያቄ ላይ “ለመጻፍ” የሚለውን ምልክት ራሱ ይፍቀውና፣ በሦስተኛው ዙር ገጹን እንደ አንባቢ ሆኖ ይፈልገዋል። ቅጂውን ያገኛል፤ ይወስዳል፤ ይጽፍበታል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። በዚያች ቅጽበት ውስጥ የዚያው ፕሮሰስ ሁለተኛ ትሬድ ማድቫይዝ የሚባለውን የስርዓት ጥሪ ተጠቅሞ “ይህን ገጽ ከእንግዲህ አልፈልገውም” ቢልስ? ከርነሉ ቅጂውን ይጥለዋል፤ ሕጋዊ ጥያቄ ነውና ክፋት የለበትም። በሦስተኛው ዙር ተግባሩ ሲፈልግ ረድፉ ባዶ ነው። አዘጋጂውን ይጠራል፤ አሁን ግን በእጁ “ለመጻፍ” የሚል ምልክት የለም፤ ፍቆታል። አዘጋጂው አንባቢ የመጣ መስሎት ዋናውን ገጽ ያቀርብለታል። ተግባሩም ይህንኑ ይዞ ይወጣል፤ ከርነሉም ይጽፍበታል። ከርነሉ የሚጽፈው በራሱ አድራሻ በኩል ስለሆነ የሰንጠረዡ ክልከላ አያግደውም።

ወደ ዕቃ ቤቱ እንመለስ። ጠባቂው ቅጂውን ሰጥቶ ማስታወሻው ላይ የጻፈውን “ይህ ሰው ሊጽፍ ነው የመጣው” የሚለውን ቃል ሰረዘ። ሰውየው ቅጂውን እሳት ውስጥ ጣለ። ጠባቂው ተመልሶ ሲያይ ጠረጴዛው ባዶ ነው፤ ማስታወሻው “መጽሐፍ ይፈልጋል” ብቻ ይላል። ዋናውን ብራና አምጥቶ ብዕር ከያዘ ሰው ፊት ዘረጋለት።

ክፍተቱ እጅግ ጠባብ ነው። አጥቂው ግን ሁለቱን ትሬዶች በመቶ ሺህ ጊዜ እንዲደጋግሙ ማድረግ ይችላል፤ አንድ ጊዜ መገጣጠሙ ይበቃዋል። ከተገጣጠመለት፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ ያልተፈቀደለትን ማንኛውንም ፋይል ይለውጣል። የይለፍ ቃል መዝገቡን ወይም በሩት ሥልጣን የሚሠራ ፕሮግራም ፋይልን መለወጥ ማለት የማሽኑ ጌታ መሆን ማለት ነው። የጋራ ገጹ በመለወጡ ለውጡ ለሁሉም ፕሮሰሶች ይታያል፤ ውሎ አድሮም ወደ ዲስክ ይወርዳል። ስህተቱ በሕዝብ ዘንድ ደርቲ ካው ተባለ፤ ካው የኮፒ ኦን ራይት ምሕጻረ ቃል ስለሆነና በእንግሊዝኛ ላም ማለት ስለሆነ አርማም ተሳለለት። የምዝገባ ቁጥሩ ሲቪኢ-2016-5195 ነው። በኪሳችን ያለው የአንድሮይድ ስልክ ልቡ ይኸው የሊኑክስ ከርነል በመሆኑ ከጉዳዩ ውጭ አልነበረም፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ስህተት የሚጠቀም ዝኒዩ የተባለ የአንድሮይድ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ተገኝቷል።

አሁን ወደ ተማሪዋ ጥያቄ። ሊኑስ ቶርቫልድስ የስህተቱን ሥር ያየው በሐምሌ 1997 ዓ.ም. ማለትም በኦገስት 2005 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው። በዚያን ጊዜ የጻፈው ማስታወሻ አሁንም በኮዱ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ተግባሩ የመጻፍ ጥያቄን ወደ ማንበብ ለውጦ እንደገና መሞከሩ በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ ባልተቀዳ ገጽ ላይ ወደ መጻፍ ሊያደርስ እንደሚችል በግልጽ ያስቀምጣል። መፍትሔውም ቀላል ነበር፦ ለመጻፍ የሚፈለግ ገጽ ረድፉ ላይ የእድፍ ቢት የበራበት መሆን አለበት። ቅጂው ከተጣለ የእድፍ ቢቱም አብሮ ስለሚጠፋ ተግባሩ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

እርማቱ የኖረው ግን ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ኤስ 390 በሚባለው የአይቢኤም ትላልቅ ኮምፒውተሮች ቤተሰብ ላይ “ተጽፎበታል” የሚለው ምልክት የሚቀመጠው በሰንጠረዡ ረድፍ ላይ ሳይሆን ከእውነተኛው ገጽ ጋር በተያያዘ ሌላ ቁልፍ ውስጥ ነበር። በረድፉ ላይ የእድፍ ቢት የሚፈልግ ኮድ በዚያ ማሽን ላይ የሌለ ነገር ይፈልጋል። ከዚህም ሌላ የማህደረ ትውስታ ክፍሉ ገንቢዎች አንድ ሁለተኛ ምክንያት አንሥተው ነበር። አንድ ፕሮሰስ ልጅ ፕሮሰስ ሲወልድ ከርነሉ የገጹን የመጻፍ ፈቃድ ያነሣል እንጂ የእድፍ ቢቱን አያጠፋም፤ ስለዚህ ገጹ አድፏል ማለት የግል ነው ማለት አይደለም። ይህን ሁለተኛ ምክንያት ልብ በሉልኝ።

በእነዚህ ምክንያቶች የእድፍ ቢት ፍተሻው ተቀለበሰና በምትኩ ሌላ ዘዴ ገባ፤ አዘጋጂው ክፍል “መቅዳቱን ፈጽሜአለሁ” የሚል ልዩ ምልክት ይመልሳል፤ ተግባሩም ያን ሲሰማ የመጻፍ ፈቃድ መጠየቁን ይተዋል። አያችሁ? ቀደም ብዬ የተረክሁላችሁ የሦስት ዙር ጉዞ ይኸው ነው። የ2016ቱ ጥቃት የገባበት በር የተሠራው የ2005ቱ ስህተት በተጠገነበት ሳምንት፣ ለጥገናው ጥገና ሆኖ ነው።

ይህን ያደረጉትን ሰዎች ቸልተኞች ናቸው ለማለት በመጀመሪያ ምላሴ ተዘጋጅቶ ነበር። የዚያን ሳምንት ለውጦች አንድ በአንድ ካነበብሁ በኋላ ግን አልቻልሁም። የአንድ ኮምፒውተር ቤተሰብ ተጠቃሚዎችን ሁሉ ያሰናከለ እርማት መቀልበስ ነበረበት። የተተካው ዘዴም በዕለቱ ለነበረው ጥያቄ ብልህ መልስ ነበር። የእሽቅድድሙ ስህተት፣ ማለትም ሁለት ትሬዶች በመቀዳደም የሚፈጥሩት፣ በጊዜው ከወረቀት የማያልፍ ይመስል ነበር። ስለዚህ የተማሪዬ ጥያቄ “ማን አበላሸው” የሚል ቢሆንም፣ እኔ ያገኘሁት መልስ የሚያበላሽ ሰው ስም የለበትም። ያገኘሁት ክፍተት ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

በሊኑክስ 3.9፣ በ2013 እ.ኤ.አ.፣ የኤስ 390 ክፍል ገንቢዎች የእድፍ ቢቱን በሶፍትዌር አማካይነት በሰንጠረዡ ረድፍ ላይ አኖሩት። የ2005ቱን እርማት ያስቀለበሰው ዋና መሰናክል በዚያን ዕለት ተወገደ። ግን ማን ያውቃል? ለውጡን የሠሩት ሰዎች ለራሳቸው ምክንያት ነው የሠሩት። የተቀለበሰ እርማት በኮዱ ውስጥ ባዶ ቦታ እንኳ አይተውም፤ “ኤስ 390 ሲስተካከል ወደዚህ ተመለሱ” የሚል አንዲት መስመር በቦታው አልነበረችም። ከሦስት ዓመት በላይ መፍትሔው እየተቻለ ሳይፈጸም ቆየ። በዚያው ጊዜ ውስጥ የማህደረ ትውስታ አስተዳደሩ በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ በትይዩ መሥራትን እያሻሻለ ሄደ፤ ቶርቫልድስ ራሱ በኋላ እንደመሰከረው፣ በ2005 ከጽንሰ ሐሳብ የማያልፈው እሽቅድድም በዚህ መሻሻል ምክንያት በቀላሉ የሚደርስ ሆነ። ማሽኑ በተሻሻለ ቁጥር ስህተቱ በረታ።

በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ፊል ኦስተር የተባለ ባለሙያ ወደ ሰርቨሩ የሚገባውን የኤችቲቲፒ ትራፊክ መዝግቦ ያስቀምጥ ስለነበር፣ ወደ ማሽኑ የተላከ አንድ የጥቃት ፕሮግራም ከመዝገቡ ውስጥ አውጥቶ መረመረ። ስህተቱ ለዓለም የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ይህም ማለት ጥናት ከማድረጋችን በፊት አጥቂዎች አጥንተውት ነበር ማለት ነው።

እርማቱን ላሳያችሁ። የስህተቱ ሥር አንድ ምልክት ሁለት ነገር እንዲናገር መገደዱ ነው። “ለመጻፍ” የሚለው ምልክት ሲበራ የተጠቃሚውን ፍላጎት ይነግራል፤ ሲፋቅ ግን ፍላጎቱ ቀረ ማለቱ ሳይሆን መቅዳቱ ተፈጽሟል ማለቱ ነው። ሰምና ወርቅ ቅኔን ያከብራል፤ ከርነልን ግን ያፈርሳል። አዲሱ እርማት “ለመጻፍ” የሚለውን ምልክት በምንም ምክንያት አይፍቅም። በምትኩ ፎል ካው የሚባል አዲስ ምልክት ይጨምራል፤ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፦ “አዎ፣ ቀድተናል”። ነገር ግን ትናንት ቀድተናል ማለት ቅጂው ዛሬም አለ ማለት ስላልሆነ፣ ተግባሩ ገጹን ሲያገኝ በምልክቱ ብቻ አያምንም፤ በረድፉ ላይ የእድፍ ቢቱ መብራቱን ይፈትሻል። ከ2005 ተቀልብሶ የነበረው ፍተሻ በዚህ መልክ ተመለሰ። ቅጂው ተጥሎ ዋናው ገጽ ቢመጣ ረድፉ ንጹሕ ነው፤ ፍተሻው አያሳልፈውም፤ ዑደቱ “ለመጻፍ” የሚለውን ምልክት እንደያዘ ስለሚቀጥልም አዲስ ቅጂ ይሠራለታል።

እርማቱ በ4.8.3፣ በ4.7.9 እና በ4.4.26 እትሞች ገባ። እኛም በቤተ ሙከራችን ሁለት ምናባዊ ማሽኖች አዘጋጅተን፣ በአንዱ 4.4.25፣ በሌላው 4.4.26 ጫንን። በሁለቱም ላይ ለሩት ብቻ የተፈቀደ፣ “ይህ ፋይል አይለወጥም” የሚል አንድ መስመር የያዘ ፋይል አስቀመጥን። በመጀመሪያው ማሽን ላይ የተራ ተጠቃሚ ፕሮግራማችን ሥራውን ሲጨርስ ፋይሉን ከፈትነው፤ ተለውጧል። ክፍሉ ውስጥ የሳቀ አልነበረም። አንዱ ተማሪ የፋይሉን ፈቃድ እንደገና አሳየን፤ ለሩት መጻፍ፣ ለሌላው ማንበብ ብቻ፣ አንድም ፊደል አልተለወጠም። ብዙ መጻሕፍት ስለ ፈቃድ የሚያስተምሩት ሁሉ በቦታው እንዳለ ነው፤ ፋይሉ ግን ሌላ ነው። በሁለተኛው ማሽን ላይ ፕሮግራሙን ሌሊቱን ሙሉ አስኬድነው፤ ፋይሉ እንደነበረ አደረ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ለአስተማሪ ይመች ነበር። አላበቃም። በኖቬምበር 2017 ተመራማሪዎች ትላልቅ ገጾችን በሚያስተናግደው የኮዱ ክፍል ላይ ሌላ ቀዳዳ አገኙ፤ ቁጥሩ ሲቪኢ-2017-1000405 ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ገጹን የነካው ሁሉ፣ አንባቢም ቢሆን፣ የእድፍ ቢቱን ያበራ ነበር። ምስክራችን የእድፍ ቢት ነውና፣ ሳይቀዳ ቀድተናል ብሎ መሰከረ። በ2022 ደግሞ በሲቪኢ-2022-2590 በጋራ ማህደረ ትውስታ ፋይሎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ተገኘ፤ በሌላ ምክንያት የተጨመረ ኮድ ቅጂ ሳይኖር የእድፍ ቢቱን ያበራ ነበር።

ልብ በሉልኝ ያልኋችሁን ሁለተኛ ምክንያት አስታወሳችሁት? በ2005 እነዚያ ገንቢዎች የተናገሩት ይህንን ነበር፤ ያደፈ ሁሉ የግል አይደለም። ኤስ 390ን ዓለም ሁሉ አስታወሰው፤ ይህን ግን የ2016ቱ ማስታወሻ እንኳ አላነሣውም። እኔም ሁለቱን ማስታወሻዎች ጎን ለጎን አድርጌ እስካነብብ ድረስ አላየሁትም። በ2022 ዴቪድ ሂልደንብራንድ የሠራው እርማት በመጨረሻ ጥያቄውን ለወጠው። “ተጽፎበታል ወይ” ብሎ መጠየቁን ትቶ “ይህ ገጽ ከፋይል ያልመጣ፣ ለዚህ ፕሮሰስ ብቻ የተለየ ነው ወይ” ብሎ ይጠይቃል፤ ለዚህም ቀደም ብሎ በዚያው ዓመት ወደ ከርነሉ የገባውን፣ የገጹን ብቸኛ ባለቤትነት የሚመዘግብ ምልክት ይጠቀማል። ፎል ካው ያን ጊዜ ተሰረዘ። ዕድሜው ስድስት ዓመት አልሞላም።

ከዚህ በኋላ የምናገረው ስለ ራሴ ነው፤ ባላነሣው ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ሌሎች ስላዘገዩት እርማት ይህን ያህል ተናግሬ የራሴን ብደብቅ አይገባም።

በጥቅምት 2009 በአንድ የትምህርት ተቋም ውስጥ ተማሪዎች በጋራ የሚጠቀሙበትን የሊኑክስ ሰርቨር የማስተዳድር እኔ ነበርሁ። ከሦስት መቶ በላይ ተማሪዎች አካውንት ነበራቸው። ይህ ስህተት የሚያስፈራው እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ነው፤ አጥቂው ከውጭ መስበር አይኖርበትም፣ ገብቶ ተቀምጧልና። የማስጠንቀቂያው ኢሜይል በደረሰኝ ማግስት የታረመው ከርነል ለማውረድ ዝግጁ ነበር። ከርነል ሲለወጥ ግን ማሽኑ ጠፍቶ መነሣት አለበት። የምዝገባ ሰሞን ነበር፤ ሰርቨሩ ለአሥር ደቂቃ እንኳ ቢቆም ስልኬ እንደማያርፍ አውቅ ነበር። “ከምዝገባው በኋላ” ብዬ በማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁ። አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ።

በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ውስጥ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቷል። የባትሪ መጠባበቂያችን አቅም አንሶ ሁለቱንም ጊዜ ሰርቨሩ ጠፍቶ ተነሥቷል፤ ማንም አልሞተም፣ ምዝገባውም አልተስተጓጎለም። አዲሱን ከርነል አስቀድሜ ጭኜው ቢሆን ኖሮ መብራት ኃይል በነጻ ያስነሣልኝ ነበር። ማሽኑን ማስነሣት አልችልም ያልሁት በዓይኔ ፊት ሁለት ጊዜ ሲነሣ እያየሁ ነው።

ጥቃት ደርሶ ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። የዚህ ስህተት አንዱ ክፉ ጠባይ በስርዓቱ የምዝግብ ማስታወሻ ላይ ያልተለመደ ነገር አለመተዉ ነው። ከርነሉ የተፈቀደ ሥራ ሠራ፤ ማድቫይዝም የተፈቀደ ነው፤ የሚመዘገብ ጥፋት የለም። በዓመቱ መጨረሻ የአንድ ክፍል የውጤት ፋይል ላይ አስተማሪውና ተማሪዎቹ ያልተስማሙበት ጉዳይ ተነሥቶ፣ ፋይሉ በዚያ ሰርቨር ላይ ስለነበረ ምስክርነት እንድሰጥ ተጠርቼ ነበር። ማንም ሊለውጠው አይችልም ብዬ ፈርሜ ሰጠሁ። ስፈርም ያን አሥራ አንድ ቀን አላስታወስሁትም። ተማሪዋ በክፍል ውስጥ ያን ጥያቄ ባነሣች ማታ ግን አስታወስሁት፤ የፈረምሁትን ወረቀት የሚያሻሽል ደብዳቤም ለሚመለከተው ክፍል ጽፌአለሁ።

አሁን በምመራው የቤተ ሙከራ ቡድን ውስጥ አንድ ደንብ አለን። ማንም ተማሪ አንድን እርማት ሲቀለብስ፣ በቦታው ላይ ያስቀለበሰውን ምክንያትና ምክንያቱ ሲወገድ ምን መደረግ እንዳለበት ይጽፋል፤ ምክንያቶቹ ሁለት ከሆኑ ሁለቱንም። በየመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ እነዚህን መስመሮች ፈልገን እናነባለን። ባለፈው ንባብ አሥራ አራት አገኘን፤ የሦስቱ ምክንያት ተወግዶ ነበር።

ሁለቱ ምናባዊ ማሽኖች፣ 4.4.25 እና 4.4.26፣ አሁንም በቤተ ሙከራው አሉ። ከውጭ ኔትወርክ ጋር አይገናኙም። በተግባሩ ዙሮች መካከል የሚሆነውን በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ፣ ክፍተቱን ለማስፋት በዑደቱ ውስጥ ትንሽ መዘግየት የጨመርንበት ሦስተኛ ከርነልም ገንብተናል፤ ከማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ መጥታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ። ያቺ ተማሪም እዚህ አለች፤ ከእርሷ ብንጀምር ደስ ይለኛል።